ለማንኛውም የተበየዱ ነጥቦች

አጎቴን እወዳቸዋለሁ። ይህን ከሁሉ በፊት የምጽፈው፣ ከዚህ በታች የሚመጣው አብዛኛው ነገር ስለ ንዴቴ ስለሆነ ነው።

የእናታችን ታናሽ ወንድም ናቸው። ሲግናል አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ባትላሜራ ይሠራሉ። የተጋጨ መኪና ላሜራ ይቀጠቅጣሉ፣ የማይድነውን ይቆርጣሉ፣ አዲሱን ይበይዳሉ። እኔና ታላቅ ወንድሜ "ጋሼ" ነው የምንላቸው። ኮሌጅ ገብቼ አውቶሞቲቭ መማር ስጀምር ከቤታችን ሰው ሁሉ በላይ የተደሰቱት እሳቸው ነበሩ። "የኔን ሙያ በወረቀት ልታመጣልኝ ነው" እያሉ ለደንበኞቻቸው ያወሩ ነበር። እኔም እውነቱን ለመናገር ያንን ደስታቸውን ላለማሳፈር ነበር ከሌሎቹ ተማሪዎች ቀድሜ ወርክሾፕ የምገኘው።

ወንድሜ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና አለችው። ጠዋትና ከሰዓት የየካ ሚካኤል ሰፈር ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት ያመላልስባታል፤ በመሀል ያገኘውን ተሳፋሪ ይጭናል። ተሳፋሪው አንዳንድ ቀን አለ፣ አንዳንድ ቀን የለም። ልጆቹ ግን ሁልጊዜ አሉ። ስለዚህ ኑሮው የቆመው በልጆቹ ሰርቪስ ላይ ነው።

አንድ ሐሙስ ካራ አካባቢ መኪናዋን አቁሞ ውኃ ሊገዛ ሲወርድ፣ አሸዋ የጫነ መኪና ወደ ኋላ መጥቶ የግራ የኋላ ጎኗን ጨፈለቀው። በዚያ ሰዓት ውስጧ ማንም አልነበረም። ወላጆቹም ደውለው "እንኳን ልጆቹ አልነበሩ" ካሉ በኋላ፣ አርብን እንደምንም እንደሚችሉ፣ ሰኞ ጠዋት ግን ካልመጣ ሌላ ሹፌር ለመፈለግ እንደሚገደዱ ነገሩት። በክፋት አልነበረም። እነሱም ሥራ መግባት አለባቸው፣ ልጆቹም ክፍል መድረስ አለባቸው።

የተጎዳው ከኋላ በር ጀምሮ ከጎማው በላይ አልፎ እስከ ኋላ መብራት የሚደርሰው የውጭ ላሜራ ነበር። በዚያው ሰሞን መምህራችን፣ አሁን የሚገቡት አንዳንድ መኪኖች ላሜራቸው ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ በብየዳ ብቻ ሳይሆን በልዩ ኮላ የተያያዘ መሆኑን እያስተማረን ነበር። የወንድሜን መኪና የጥገና መመሪያ ስልኬ ላይ አወረድኩት። ሁሉም ነገር በቻይንኛ ነው። ሥዕሎቹን እያየሁ፣ መምህሬም እየረዳኝ፣ የእሷ ላሜራ ከጎማው በላይ ባለው ቅስትና በመስኮቱ ጠርዝ በኮላ የሚያዝ መሆኑን ለየሁ። እሳት የሚያሳይ ሥዕል ላይ በቀይ ተሰርዞበታል። ያ ቋንቋ አያስፈልገውም። ወለሏ ስር ትልቁ ባትሪ አለ። ከዚያም በላይ፣ ሙቀቱ ላሜራውን ከዝገት የሚከላከለውን ሽፋን ያቃጥለዋል፤ ከውስጥ መዛጉን የምታውቀው ዘግይተህ ነው።

አርብ ከክፍል ወጥቼ በቀጥታ ወደ ግቢው ሄድኩና የተማርኩትን ለጋሼ ነገርኳቸው።

"ኮላ?" አሉ። መዶሻቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። "ጫማ ነው እንዴ?"

አብሯቸው የሚሠራው ቀለም ቀቢ ሳቀ። ሳጥን ላይ ተቀምጦ መኪናውን የሚጠብቅ አንድ የታክሲ ሹፌርም አብሮት ሳቀ። በኛ አገር ጋራዥ ባለመኪና መኪናውን ትቶ አይሄድም፤ ዕቃ እንዳይቀየርበት አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይውላል፣ እግረ መንገዱንም የሌላውን ሰው መኪና አሠራር ይተቻል።

"ኢንጂነሯ፣ ከተረፈሽ የኔንም ሶል ለጥፊልኝ" አለ ቀለም ቀቢው።

"የጫማ ኮላ አይደለም" አልኩ። "ሁለት ቱቦ ነው። ሁለቱ አፍንጫው ላይ ሲቀላቀሉ ነው የሚጠነክረው። አውሮፕላን ላይም ይሠሩበታል።"

"አውሮፕላን በኮላ?" አለ የታክሲው ሹፌር። "እንኳን ተሳፍሬ አላወቅሁ!"

ጋሼ አልሳቁም። "ስሚ ልጄ፣ እኔ የበየድኩት መኪና እዚህ ሰፈር ሞተሩ አልቆ ተጥሏል፣ ብየዳው ግን አልለቀቀም። ታውቂያለሽ አይደል?"

"አውቃለሁ ጋሼ።" እውነታቸውን ነው።

"እሺ። ፋብሪካውስ ሁለቱንም አንድ ላይ አያደርግም? ኮላም ብየዳም?"

እዚህ ላይ መዋሸት አልፈለግሁም። "የሚያደርግበት ቦታ አለ" አልኩ። "አንዳንድ ጠርዝ ላይ ኮላውን ቀብተው ሳይደርቅ በልዩ የብየዳ ማሽን ነጥብ ነጥብ ያደርጉበታል። ግን ሙቀቱም ቦታውም ተለክቶ ነው፣ ማሽኑም የኛ ዓይነት አይደለም። ይሄኛው ጠርዝ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይፈቀድም።"

ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ ውስጥ እሳቸው የያዙት "አለ" የምትለዋን ቃል ብቻ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ወንድሜ ኮላውን መገናኛ አካባቢ ካለ የመኪና ቀለም መሸጫ አገኘ። ላሜራው ከተመሳሳይ አሮጌ መኪና ላይ ተቆርጦ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ጀመርን። ጋሼ የተጎዳውን ሲቆርጡ እያየሁ በልቤ ኮራሁባቸው። ግራይንደሩ እጃቸው ላይ ብዕር ነው የሚመስለው፤ አንድ መስመር ይስባሉ፣ ያ መስመር አይዛነፍም። አዲሱን ላሜራ ገጠሙት፣ አወጡት፣ ጫፉን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረጉት፣ መልሰው ሲገጥሙት ልክ ተወልዶ ያደገበት ቦታ የተመለሰ መሰለ። "እንዲህ ከገጠመ" አሉ "ኮላሽም ሥራ ይቀለዋል።" ያን ቀን ጠዋት ደስተኞች ነበርን።

ችግሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ኮላው የሚያርፍበት ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ባዶ ብረት መሆን፣ በማጽጃ መጠረግ፣ ከዚያ በኋላ የሰው እጅ እንኳ እንዳይነካው መጠበቅ አለበት። ጠርጌ ጨርሼ ቱቦውን ላመጣ ዞር ስል፣ ቀለም ቀቢው በዘይት የራሰ የሥራ ጨርቁን ይዞ ጠርዙን ከላይ እስከ ታች እያሸልኝ አገኘሁት።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"አቧራ ነበረበት፤ ላግዝሽ ብዬ ነው።"

እንደገና አሸሁ፣ እንደገና ጠረግሁ። ኮላውን በሁለቱም በኩል ቀባን፣ ላሜራውን አስቀመጥን፣ በጋሼ መቆንጠጫዎች ሁሉ ዙሪያውን ያዝነው። ጠርዙ ላይ ግራጫ ኮላ እኩል ብቅ ብሎ ወጣ። መምህሬ "እኩል ከወጣ ውስጡ ሞልቷል ማለት ነው" ይል ነበር። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት።

ከሰዓት በኋላ ከእንጦጦ ጉም ወረደ። የየካ ብርድ ያደገበት ሰው ያውቀዋል፤ ፀሐይ ስትጠፋ ብረት ሁሉ በረዶ ይሆናል። ቱቦው ላይ የተጻፈው የማድረቂያ ሰዓት ደግሞ ሞቃት ክፍል ውስጥ ለሚሠራ ሰው ነው። ትልቅ አምፖል አስጠግቼ ላሞቀው ስል መብራት ሄደ። ከቤት ብርድ ልብስ አስመጣሁ፣ በላዩ ሸራ አለበስኩት። የታመመ ሰው ነው የምትመስለው። እንደታመመ ሰውም ጠያቂዋ በዛ።

"ያዘ?" ይላል የሚገባው ሁሉ። ዝም ብሎ ቢጠይቅ ደግ ነበር። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ጫን ብሎ ነው የሚጠይቀው። የታክሲው ሹፌር ተጫነው። የጎረቤት ሱቅ ባለቤት ዝርዝር ሊመልስ መጥቶ ተጫነው። "እባክዎ አይንኩ" ብዬ በትልቁ ጽፌ ሸራው ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ምን እንደሆነ ለማወቅ ነካኩት።

ጋሼም በአጠገቧ ባለፉ ቁጥር።

"ጋሼ፣ አይንኩት እንጂ።"

"አልነካሁትም። አየሁት።"

"በጣትዎ ነው የሚያዩት?"

"አርባ ዓመት በምን ሳይ የኖርኩ መሰለሽ?" አሉኝ።

ሲመሻሽ ቃል አስገባኋቸው። መቆንጠጫዎቹን ራሴ ሰኞ ጠዋት እንደማወልቅ፣ እስከዚያ ማንም እንደማይነካው። "ሂጂ፣ እኔ አለሁ አይደል?" አሉ። እሳቸው ስላሉ ነው ተረጋግቼ የሄድኩት።

ሰኞ ገና ሲነጋ ከወንድሜ ጋር ገባን። ልጆቹን ለማንሳት በቂ ሰዓት ነበረን። መቆንጠጫዎቹ ወልቀው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ሸራውም ተጣጥፏል። ከማየቴ በፊት ግን ሸተተኝ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክና የተቃጠለ ቀለም አንድ ላይ።

በቅስቱ ዙሪያ ተራርቀው የተበየዱ ነጥቦች ነበሩ። በግራይንደር ተስተካክለው፣ በላያቸው የዝገት መከላከያ ተቀብቶባቸው። ንጹሕ ሥራ ነው። ጋሼ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ከትንሿ ክፍላቸው ወጡ፤ ፊታቸው ላይ ስጦታ የሚሰጥ ሰው ፈገግታ ነበር።

"ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ እግሬ ወደዚህ አመጣኝ" አሉ። "ሐሳብ ገብቶኝ ነበር። የሕፃናት መኪና ናት። ኮላው መልካም ነው፣ ይዟል፣ አልዋሽሽም። ግን ለማንኛውም ብዬ ነጥብ ነጥብ አደረግሁበት። ባትሪውን ነቅዬ ነው፤ አትስጊ። ፋብሪካውም ያደርገዋል ብለሽኝ የለ?"

አፌን ከፈትኩ። ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ።

ጎንበስ ብዬ የፕላስቲክ መፋቂያዬን አንዱ ነጥብ አጠገብ ባለው ጠርዝ ሰካሁት። መግባት አልነበረበትም። ገባ። የወጣው ነገር ቡናማ፣ ደረቅ፣ ድስት ስር ያረረ ሽሮ የሚመስል ፍርፋሪ ነበር። ወደ ሁለተኛው ነጥብ ሄድኩ፤ እሱም ያው። ኮላው ነጥቦቹ ባሉበት ሁሉ ግራና ቀኙን አሮ አልቋል። ነጥቦቹ ደግሞ ብቻቸውን ያንን ጎን እንዲይዙ የታሰቡ አይደሉም። ሁለት ቀን የለፋንበት ሥራ ወይ ኮላ አልሆነ ወይ ብየዳ አልሆነ።

"ምነው?" አሉ ጋሼ።

"ምንም" አለ ወንድሜ ከእኔ ቀድሞ። "እጅዎ ይባረክ ጋሼ። በጣም ነው የማመሰግነው።" ቁልፉን ተቀበለ።

መኪናዋ ውስጥ ገብተን ከግቢው እንደወጣን ፈነዳሁ።

"ለምን አልነገርካቸውም?"

"ምን ብዬ? 'ሰንበትዎን ሽረው የሠሩት ሥራ መኪናዋን አበላሽቷታል' ልበላቸው?"

"አዎ! እንደዚያ በላቸው!"

"እናታችን በታመመችበት ጊዜ ማን ነበር በዚህ በዚያ ብሎ ያኖረን? አንቺን ማን ነው እዚህ ያደረሰሽ? አፍ አለኝ ብለሽ ነው?"

"አፍ ስላለኝ አይደለም፤ ላሜራው ስለማይዝ ነው።"

የየካ ሚካኤል መታጠፊያ ጋ ደርሰናል። ወደ ቀኝ ከታጠፈ ልጆቹ ደጃፍ ላይ ቦርሳቸውን አንግተው ይጠብቁታል። ፍሬን ይዞ ቆመ። ከኋላችን ያሉት ጥሩንባ ነፉብን።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ዓይነት ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። የተለመደው መንገድ ላይ ምንም ላይሆን ይችላል። አንድ መኪና ከጎን ቢገጫት ግን ያ ጎን ነው ከልጆቹ አጠገብ ያለው።

"ልጆቹን አትጫንባት" አልኩት።

ቀጥ ብሎ ወደ ቤት ነዳት። ለወላጆቹ በየተራ ደወለ። አንዷ እናት "እኔማ እጠብቅህ ነበር፣ ግን አለቃዬ አይጠብቀኝም" አለችው። በዚያው ሳምንት ልጆቹን ሌላ ሹፌር ወሰዳቸው። ወንድሜ እስከ ዛሬም ድረስ በዚያ ሰዓት በዚያ መታጠፊያ አያልፍም፤ ሲጠይቁት "ይጨናነቃል" ነው የሚለው።

መኪናዋን በመምህሬ ፈቃድ ኮሌጁ ወርክሾፕ አስገብተን ጠርዙን ቆርጠን አውጥተን እንደገና በኮላ ብቻ ሠራናት። በሞቀ ክፍል፣ ማንም ሳይነካት። ይዛለች። አሁን ተሳፋሪ ብቻ ትጭናለች። ከተቆረጠው ጠርዝ፣ ሁለቱ ላሜራ እንደተያያዙ ያሉበትን አንዱን ቁራጭ አልጣልኩትም።

ለጋሼ ግን ማንም ምንም አልነገራቸውም። ልጆቹን ለምን እንደተወ ሲጠይቁት ወንድሜ "ወላጆቹ የራሳቸውን መኪና ገዙ" አላቸው። እኔን ደግሞ አስማለኝ።

እናም ወራት ሙሉ ይህን ተሸከምኩ። በየበዓሉ ቤታችን እንግዳ ሲሰበሰብ ጋሼ ያቺን መኪና ያነሳሉ። "እሷ ኮላውን፣ እኔ ነጥቡን" ይላሉ ትከሻዬን መታ እያደረጉ። "ድብልቅ ሥራ ነው። ኮላው ቢለቅ ነጥቡ አለ፣ ነጥቡ ቢለቅ ኮላው አለ።" ሰው ያደንቃል። ወንድሜ ሳህኑን ያያል። እኔ ፈገግ እላለሁ፣ መንጋጋዬን ያመኛል። የሚያደንቁት ሥራ ከመኪናዋ ላይ ከወረደ ቆይቷል። ያበሳጨኝ መኩራታቸው አይደለም፤ እኔና ወንድሜ እያወቅን እሳቸው ብቻ የማያውቁ መሆናቸው ነው። በአክብሮት ስም እንደ ሕፃን ይዘናቸው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ የምሥራች! ኮላውን ራሴ ገዛሁ። የወንድምሽ ዓይነት የኤሌክትሪክ መኪና ናት ብለው ሰው ላኩልኝ። እንዳሳየሽኝ አሽቼ፣ ጠርጌ፣ ትናንት ቀባሁ። ማንንም አላስነካሁም። አሁን ነጥቤን ላደርግ ነው፣ ከዚያ አንቺ መጥተሽ ታይልኛለሽ።"

"ጋሼ፣ ይጠብቁኝ!" አልኩ። "ብየዳውን አይጀምሩ፣ እየመጣሁ ነው።"

ለወንድሜ አልደወልኩም። ቁራጩን ከአልጋዬ ስር አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ታክሲ ያዝኩ። መንገዱን ሁሉ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ ነበር፤ ግቢው ስደርስ የመጣልኝ ምንም አልነበረም። የብየዳው ማሽን ተሰክቷል፤ መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነው። የመኪናዋ ባለቤት፣ አንዲት ጎልማሳ ሴት፣ ሳጥኑ ላይ ተቀምጣለች።

ቁራጩን ሰጠኋቸው። "በዚህ ጫፍ ይሳቡት" አልኩ፣ ያላረረውን በኩል እያሳየሁ። ሁለቱን ላሜራ ለማላቀቅ ታገሉ። እጃቸው ጠንካራ ነው። አልላቀቅ አላቸው።

"አሁን በዚያኛው፣ በነጥቡ በኩል።"

ከነጥቡ ግራና ቀኝ እንደ ደረቅ ቅጠል ተከፈተ። ያረረው ኮላ ጫማቸው ላይ ተራገፈ። ነጥቧን በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት። የራሳቸውን ሥራ የማያውቁ ሰው አይደሉም።

"ይሄ የወንድምሽ መኪና ነው" አሉ።

"አዎ።"

"ልጆቹን ያጣው በዚህ ነው?"

"አዎ ጋሼ።"

ባለመኪናዋ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች።

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ይቆጣሉ ብለን።"

"እቆጣ ነበራ!" ድምፃቸው ከፍ አለ። "እና ብቆጣስ? ተቆጥቼ አላውቅም? ቁጣዬ ያልፍ የለም እንዴ? እኔ ራሴ ወላጆቹ ቤት ሄጄ 'ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጥቂት ታገሡት' እላቸው ነበር። የማያውቁኝ አሉ እዚያ ሰፈር?"

ያ ሁሉ ወር ስናደድ፣ እሳቸው እንዲህ ሊያደርጉ ይችሉ እንደነበር አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። ወንድሜም አላሰበም። አሁን ልጆቹ አዲሱን ሹፌር ለምደዋል።

ጋሼ መነጽሩን አወለቁ። ሄደው የብየዳውን ማሽን ከሶኬቱ ነቀሉ፣ እየጎተቱም የግቢው ጥግ አደረሱት።

"ምነው ጋሽዬ?" አለች ባለመኪናዋ ከሳጥኑ እየተነሳች። "ነጥቧ ቀረች እንዴ? በስልክ ነጥብም አለው ብለውኝ ነበርኮ።"

"ቀረች።"

"ኧረ እባክዎ፣ ለማንኛውም ትንሽ ቢያደርጉበት..."

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ገና ቁጡ ነበር። "ንገሪያት" አሉኝ። "ሁሉንም ንገሪያት። ስትጨርሺ ደግሞ ለወንድምሽ ደውለሽ ዛሬውኑ እዚህ ይምጣ በይው። ከእኔ ጋር የየካ ሚካኤል ሰዎች ዘንድ ይሄዳል።"

"ጋሼ፣ ልጆቹኮ ሌላ ሹፌር..."

"ሰርቪሱን ላስመልስለት አላልኩም። ቃሉን ያጠፈ ሰው መስሏቸው እንዳይቀር ነው።"

ለባለመኪናዋ ከመጀመሪያው ጀምሬ ማስረዳት ያዝኩ። ራሷን እየነቀነቀች በደንብ ሰማችኝ። ስጨርስ "ገባኝ፣ ገባኝ" አለችና እጇን ዘርግታ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው።

"ያዘ?"

"አይንኩት!" አልን እኔና ጋሼ በአንድ ድምፅ።